ብሉሚንግተን፣ ሚኒሶታ፦ በሃያ ዓመት ከእርሻ መንደርነት ወደ ከተማነት (ጥያቄና መልስ)

በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት፣ በትልቋ ከተማ በሚኒያፖሊስ አጠገብ ስለምትገኘው ስለ ብሉሚንግተን ከተማ የሚጠየቁትን ለመመለስ ቃል በገባሁት መሠረት የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን በአንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ዓመታቱም ቀናቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አቋሜን ላስቀምጥ፦ ከተማዋ ዛሬ የያዘችው መልክ በአብዛኛው ከ1950 እስከ 1970 ባሉት ሃያ ዓመታት የተቀረጸ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ፣ ሞል ኦፍ አሜሪካ የተባለው ታዋቂው የገበያ ማዕከል ሳይቀር፣ በእነዚያ ዓመታት የተወሰነውን ተከትሎ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ የማይስማማ ካለ መልሶቹን አንብቦ ይሞግተኝ።

ጥያቄ፦ ብሉሚንግተን የሚኒያፖሊስ አካል ናት ወይስ ራሷን የቻለች ከተማ?

ራሷን የቻለች ከተማ ናት። የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ፖሊስና የራሷ በጀት አላት፤ ሚኒያፖሊስ በእርሷ ላይ የምታዝበት አንዳች ሥልጣን የለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ እንደምናውቀው ክፍለ ከተማ አድርጎ ማሰብ ያሳስታል። ከሚኒያፖሊስ በስተ ደቡብ፣ ከሚኒሶታ ወንዝ በስተ ሰሜን ትገኛለች፤ በእርሷና በሚኒያፖሊስ መካከል ሪችፊልድ የምትባል ሌላ ትንሽ ከተማ ተቀምጣለች፤ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ደግሞ ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ ያዋስናታል። የየብስ ስፋቷ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በ2020 በተደረገው ቆጠራ 89,987 ነዋሪዎች ነበሯት።

ብዙ ሰው የሚደናገረው በአድራሻው ይመስለኛል። የብሉሚንግተን መንገዶች ቁጥራቸውን የሚቀጥሉት ከሚኒያፖሊስ ነው። ሊንዴል ጎዳናን ይዞ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ሪችፊልድን አልፎ 494 የተባለውን ሀይዌይ ሲሻገር 80ኛ፣ 86ኛ፣ 98ኛ እያለ ወደ ወንዙ አፋፍ ይወርዳል፤ አንድም ቦታ ላይ ቁጥሩ እንደ አዲስ ከአንድ አይጀምርም። ከተማዋ በሕግ ራሷን ብትችልም ቤቶቿ የሚቆጠሩት ከጎረቤቷ መሀል ከተማ ጀምሮ ነው። ሰያፍ ሆኖ ይህን መረብ የሚያቋርጠው ኦልድ ሻኮፒ የተባለው መንገድ ግን ከመረቡ በፊት የነበረ፣ መነሻውም የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የዳኮታዎች የእግር መንገድ የሆነ ጥንታዊ መስመር ነው።

ጥያቄ፦ ከነጮቹ በፊት እነማን ይኖሩባት ነበር?

ዳኮታዎች። በወንዙ አፋፍ ላይ የመቃብር ጉብታዎቻቸው ዛሬም ይገኛሉ። ጊዲዮን ፖንድ የተባለው ሚሲዮናዊ ኦክ ግሮቭ የተባለውን ጣቢያ እዚህ ያቋቋመው በ1843 ነበር፤ እርሱና ወንድሙ ሳሙኤል ከዚያ ቀደም ብለው ለዳኮታ ቋንቋ መጻፊያ ፊደል አዘጋጅተው ነበር። በ1851 በተፈረሙት ውሎች ዳኮታዎች የደቡብ ሚኒሶታን መሬት ለአሜሪካ መንግሥት እንዲለቁ ተደረገ፤ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ከተዋጉበት ከ1862ቱ ጦርነት በኋላ ደግሞ አብዛኞቹ ከግዛቲቱ ተባረሩ። ፖንድ በ1856 በሸክላ ጡብ የሠራው ቤት ዛሬ በከተማዋ መናፈሻ ውስጥ ቆሞ ይታያል።

ስሙን ያመጡት ከኢሊኖይ ግዛት፣ ከሌላይቱ ብሉሚንግተን የመጡ ሰፋሪዎች እንደሆኑ ይነገራል። በ1858፣ ሚኒሶታ ራሷ ግዛት በሆነችበት ዓመት፣ የገጠር አስተዳደር ሆና ተደራጀች። ከዚያ በኋላ ለሰማንያ ዓመታት ያህል የሚወራላት ብዙ ነገር የለም፤ ለሚኒያፖሊስ ገበያ አትክልት እያመረተች ኖረች። በ1892 የተሠራው የቀድሞ የአስተዳደር አዳራሿ አሁንም አለ፤ ስፋቱን ያየ ሰው የዚያን ዘመን አስተዳደር ልክ ወዲያው ይረዳዋል። በ1940 የነዋሪዎቿ ቁጥር 3,647 ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ በአንድ ጊዜ እንዲህ ያሳደጋት ምንድን ነው? ፋብሪካ ነው? ነዳጅ ነው?

ፋብሪካም ነዳጅም አይደለም። ያሳደጋት የቤት ብድርና መንገድ ነው። በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት፦ በ1950 9,902፣ በ1960 50,498፣ በ1970 81,970 ነዋሪ። በአንድ አሥርት ዓመት ውስጥ አምስት እጥፍ ማደግ ማለት ትምህርት ቤቱም፣ ውኃውም፣ መንገዱም፣ ፖሊሱም በየዓመቱ ከሕዝቡ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። አስተዳደሩም ቢሆን ሕዝቡን እያሳደደ ነው የተለወጠው፤ በ1953 መንደር፣ በ1960 ደግሞ ከተማ ሆነች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱት ወታደሮች ትዳር ይዘው፣ ልጅ ወልደው ቤት ፈለጉ። የፌዴራል መንግሥት ለእነርሱ የቤት ብድር ዋስትና ሰጠ፤ ዋስትናውም በአዲስ መሬት ላይ የሚሠራ አዲስ ቤትን የሚያበረታታ ነበር። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ባዶ መሬት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ ሪችፊልድ ሞላች፤ ተረኛዋ ብሉሚንግተን ሆነች። የምሥራቁ ክፍል ሜዳማና ለቁፋሮ የማያስቸግር የአትክልት እርሻ ስለነበር የቤት ሠሪ ድርጅቶች እርሻውን ከገበሬው እየገዙ፣ በመስመር እየሸነሸኑ ቤቱን እንደ አሸን አፈሉት።

የቤቱ ዓይነት ራምብለር ይባላል። አንድ ፎቅ ብቻ ያለው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ሳሎኑ በትልቅ መስኮት ወደ መንገዱ የሚያይ፣ ከሥሩ የቤቱን ያህል ስፋት ያለው ቤዝመንት ያለው ቤት ነው። ቤዝመንቱን ሳይጨርሱት ነበር የሚሸጡት፤ ገዢው ልጆቹ ሲበዙ በየቅዳሜው እንጨት እየቆረጠ ክፍል ያወጣለታል። ዛሬ በምሥራቅ ብሉሚንግተን እንዲህ ያለ ቤት የገዛ ሰው ከቤዝመንቱ ግድግዳ ጀርባ የሦስት ባለቤቶችን የእጅ ሥራ፣ የሦስት ዘመን የኤሌክትሪክ ገመድ ሊያገኝ ይችላል።

በዚህ ሁሉ ጥድፊያ የተዘነጋው ውኃው ነበር። አዲሶቹ ሰፈሮች ብዙዎቹ በየግቢው የውኃ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱም ብዙ ሳይርቅ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ይዘው ነው የተሠሩት። በ1959 የሚኒሶታ ጤና መሥሪያ ቤት በሚኒያፖሊስና በጎረቤቷ በሴንት ፖል ከተማ ዙሪያ ያሉትን የከተማ ዳር ሰፈሮች ጉድጓዶች ሲመረምር ግማሽ ያህሉ ተበክለው ተገኙ። ዋናው የቆሻሻ ውኃ መስመር ለአንድ ትንሽ ከተማ ብቻዋን የማይቻል ወጪ ስለነበር ይህ ችግር በ1967 ሜትሮፖሊታን ካውንስል የተባለው፣ የአካባቢውን ሰባት ካውንቲዎች (ከግዛት በታች ያሉ የአስተዳደር ክልሎች) የሚያስተባብር አካል እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው ሆነ። እኔ እንደማየው ከዚህ በታች ከማነሣው ስታዲየምም ከገበያ ማዕከሉም ይልቅ የአካባቢውን አስተዳደር የለወጠው ይህ የፍሳሽ ጉዳይ ነው፤ ግን ፎቶ የሚነሳ ነገር ስላልሆነ ማንም አያወራለትም።

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው እዚያ ቤት መግዛት ይችል ነበር?

በተግባር እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ብሉሚንግተን ባለችበት በሄንፒን ካውንቲ በሺዎች በሚቆጠሩ የይዞታ ሰነዶች ላይ ቤቱ ነጭ ላልሆነ ሰው እንዳይሸጥ የሚከለክል አንቀጽ ተጽፎ ነበር፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ሰነዶች አንድ በአንድ ፈልገው ካርታ ላይ አስፍረዋቸዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 እንዲህ ያለውን አንቀጽ ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ብሎ ወሰነ፤ ሚኒሶታ በ1953 አዲስ እንዳይጻፍ ከለከለች፤ በቤት ሽያጭ የሚደረግ አድልዎ በአገር አቀፍ ደረጃ በሕግ የተከለከለው ግን በ1968 ነው። የብሉሚንግተን ታላቁ ዕድገት የወደቀው በእነዚህ ዓመታት መካከል መሆኑን ልብ ይሏል። አንቀጹ በሌለበትም ባንኩ፣ ደላላውና ጎረቤቱ ያንኑ ሥራ ይሠሩ ነበር። በዚያን ጊዜ በትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ቤት የገዛ ቤተሰብ የቤቱ ዋጋ ሲጨምር ለልጆቹ ሀብት አወረሰ፤ በዘሩ የተከለከለው ያንን አጣ።

ጥያቄ፦ ዋናው ስታዲየም በእርሻ መሀል የተሠራው ለምንድን ነው?

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል መንትያ ከተሞች ቢባሉም ተፎካካሪዎች ናቸው። ሁለቱም በከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ የሚጫወት ቡድን ይፈልጉ ነበር። የሚኒያፖሊስ ነጋዴዎች ቦንድ ሸጠው ስታዲየም ለመሥራት ሲነሡ መሬቱ ርካሽ፣ የመኪና ማቆሚያው ሰፊ፣ ለአውሮፕላን ማረፊያውም ቅርብ የሆነ ቦታ በብሉሚንግተን ገበሬዎች ማሳ ላይ አገኙ። ሜትሮፖሊታን ስታዲየም በ1956 ተከፈተ፤ ሴንት ፖል በበኩሏ በእልህ የራሷን ስታዲየም በማግሥቱ ዓመት ከፈተች። ለአምስት ዓመት ያህል ትልቁ ስታዲየም አነስተኛ ቡድን ሲያስተናግድ ከቆየ በኋላ በ1961 ከዋሽንግተን የመጣው የቤዝቦል ቡድን ትዊንስ ተብሎ ገባበት፤ በዚያው ዓመት ቫይኪንግስ የተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድንም እዚያው መጫወት ጀመረ። በ1965 የቤዝቦሉ የፍጻሜ ውድድር፣ በዚያው በጋ ደግሞ የቢትልስ የሙዚቃ ዝግጅት እዚያው ተካሄደ። በአጠገቡ በ1967 የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ተጨመረ።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ቡድኖች በ1981 መጨረሻ ጥለውት ወደ ሚኒያፖሊስ መሀል፣ ጣሪያ ወዳለው አዲስ ስታዲየም ሄዱ። በታኅሣሥ ብርድ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ኳስ ማየት ለጀግንነት ካልሆነ አይመረጥም። የሆኪው ቡድንም በ1993 ወደ ዳላስ ተዛወረ። ለከተማዋ የቀራት ባዶ ሕንፃ፣ እጅግ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ፣ በዙሪያው የተገነቡ ሆቴሎችና መንገዶች ነበሩ። ስታዲየሙ በ1985 ፈረሰ።

ጥያቄ፦ ሞል ኦፍ አሜሪካ በዚያ ቦታ ላይ ነው የተሠራው የሚባለው እውነት ነው? ለምንስ ሌላ ቦታ አልሆነም?

እውነት ነው። ውስጥ ገብታችሁ የመዝናኛ ሜዳውን ወለል ብትመለከቱ በስታዲየሙ ኳስ መቺው የሚቆምበት መነሻና መድረሻ ነጥብ የነበረበት ቦታ በነሐስ ሰሌዳ ምልክት ተደርጎበታል። ከዚያ ቀና ብላችሁ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ፣ የግንድ ጀልባው መጫወቻ ካለበት በላይ፣ ብቻዋን የተሰቀለች ቀይ ወንበር ታያላችሁ። ሃርመን ኪልብሩ የተባለው ተጫዋች ሰኔ 3 ቀን 1967 የመታው ኳስ ያረፈበትን ቦታ ታመለክታለች፤ ርቀቱ 520 ጫማ ተብሎ ተመዝግቧል። ልጆች ከሥሯ እየጮኹ ይንሸራተታሉ፤ ቀና ብሎ የሚያያት ጥቂት ሰው ነው።

ቦታውን የመረጠው ጂኦግራፊው ነው ማለት ይቻላል። ሰፊ መሬት በከተማዋ እጅ ነበር፤ ሁለት ትልልቅ ሀይዌዮች ያገናኙታል፤ አውሮፕላን ማረፊያው በደቂቃዎች ርቀት ላይ ነው። ጌርሜዚያን የተባሉት መነሻቸው ከኢራን የሆነ የካናዳ ነጋዴዎች በኤድመንተን ከተማ መዝናኛና ገበያን አንድ ላይ ያዋሐደ ግዙፍ ማዕከል ሠርተው ስለነበር ተመሳሳዩን ይዘው መጡ። ድርድሩ ረዘም ያለና ክርክር የበዛበት ነበር፤ ብዙ ሰው ከተማዋ የማትችለውን ዕዳ ተሸከመች ብሎ ነበር። ሥራው በ1989 ተጀምሮ ነሐሴ 11 ቀን 1992 ተከፈተ። በማዕከሉ አጠገብ የሚያልፈው ሊንዳው የተባለው መንገድ የተሰየመው በከንቲባነት ባገለገለ ሰው ስም ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ኢዳይና በ1956 የተከፈተው ሳውዝዴል፣ ቪክተር ግሩን የተባለው የኦስትሪያ ተወላጅ አርክቴክት የነደፈው፣ ሙሉ በሙሉ በጣሪያ ሥር ሆኖ ሙቀቱና ቅዝቃዜው የሚስተካከል የአሜሪካ የመጀመሪያው የገበያ ማዕከል ነው። ስለዚህ ሞል ኦፍ አሜሪካ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም፤ በብርድ ምክንያት በጣሪያ ሥር መገበያየትን የለመደ ሕዝብ ነበር የጠበቀው። ሚኒሶታ በልብስና በጫማ ላይ የሽያጭ ታክስ አለማስከፈሏም ከጎረቤት ግዛቶች ገዢ ለመሳብ ረድቶታል። አንጋፋዎቹ መደብሮች ብሉሚንግዴልስ በ2012፣ ሲርስ በ2019 ወጥተዋል፤ ማዕከሉ ግን ሆቴል፣ የዓሣ ማሳያና መዝናኛ እየጨመረ ቆይቷል። ሌሎች ሞሎች ኢንተርኔት ሲገድላቸው ይህ የተረፈው መደብር ስለበዛለት ነው ብዬ አላምንም፤ ከመጀመሪያውም የጉዞ መዳረሻ ተደርጎ ስለተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ሞሉ ማሞቂያ የለውም ይባላል። በዚያ ብርድ እንዴት ይሆናል?

መግቢያዎቹ አካባቢ ማሞቂያ አለ፤ ዋናዎቹ መተላለፊያዎች ግን በጣሪያው መስታወት በሚገባው ፀሐይ፣ በመብራቱና በሰዉ ሙቀት ነው የሚሞቁት።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ገበያና ሆቴል ካላት የብሉሚንግተን ነዋሪ ግብር አይከፍልም ማለት ነው?

ይከፍላል፤ ጥያቄው ግን ትልቅ ነገር ስለሚነካ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። በአሜሪካ የከተማ ገቢ በአብዛኛው ከንብረት ግብር የሚመጣ ነው። ቢሮና መደብር ብዙ ግብር ይከፍላሉ፤ ልጅ ግን ትምህርት ቤት አያስገቡም። ስለዚህ እያንዳንዷ ከተማ እነርሱን ለመንጠቅ ትሻማለች። ብሉሚንግተን ራሷ በዕድገቷ ዘመን ከወንዙ ማዶ በበርንስቪል መሬት ላይ ያለውን ብላክ ዶግ የተባለ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከነግብሩ ወደ ራሷ ክልል ለመጠቅለል ሞክራ ነበር። የበርንስቪል ሰዎች ደንግጠው በ1964 ራሳቸውን በመንደርነት አቋቋሙ፤ ማመንጫውም እዚያው ቀረ።

ይህ ሽሚያ እንዲረግብ የሚኒሶታ ምክር ቤት በ1971 አንድ ሕግ አወጣ። በሰባቱ ካውንቲዎች ያለች እያንዳንዷ ከተማ ከ1971 ወዲህ በንግድና በኢንዱስትሪ ንብረት ካገኘችው ዕድገት 40 በመቶውን ወደ ጋራ ቋት ታስገባለች፤ ከቋቱም የነዋሪ ቁጥሯና የንብረቷ ዋጋ እየታየ ይከፋፈላል፤ በነፍስ ወከፍ አነስተኛ ንብረት ያላት ከተማ የበለጠ ታገኛለች። ሕጉን ፍርድ ቤት ወስዳ የተከራከረችው ያችው ማመንጫዋን ያዳነችው በርንስቪል ነበረች፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 ሕጉን አጸናው።

እንግዲህ ሞሉም ሆነ በ494 ሀይዌይ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሆቴሎችና ቢሮዎች የሚያመጡት ግብር ሙሉ በሙሉ የብሉሚንግተን አይደለም። ከተማዋ ለቋቱ ብዙ ከሚያዋጡት አንዷ ናት። ነዋሪዎች ሲያማርሩ እሰማለሁ፦ ሌባውን የሚይዘው የእኛ ፖሊስ፣ ትራፊኩን የምንችለው እኛ፣ ግብሩን የሚካፈለው ሌላው ይላሉ። ቅሬታው መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ሞሉ የቆመው በግዛቲቱ ሀይዌይ፣ በጋራ በተሠራ አውሮፕላን ማረፊያና በጋራ የፍሳሽ መስመር ላይ ነው። ከዚያም በላይ ሞሉ ሲሠራ ለመንገዶቹ ማሻሻያ ከዚሁ ቋት ልዩ ድጋፍ እንድታገኝ ተፈቅዶላት ነበር፤ በኋላም መልሳ ከፍላለች። የወሰደ ሲሰጥ ማጉረምረም አያምርበትም።

ጥያቄ፦ ሄጄ ነበር፤ መሀል ከተማውን ፈልጌ አጣሁት። የት ነው?

የለም። ሊንዴል ጎዳና ከ98ኛ መንገድ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ኦክስቦሮ የምትባል ትንሽ የገበያ መንደር ነበረች፤ ከተማዋ ግን በአንድ ጊዜ በሁሉም አቅጣጫ ስለተስፋፋች ማዕከል ልትሆን ጊዜ አላገኘችም። ቀድሞ የተሠራ ከተማ ገበያው ከባቡር ጣቢያው ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያድጋል፤ ይህች ግን መኪና ያለው ሰው ሁሉ የትም ሄዶ ይገበያል ተብሎ የተሠራች ናት። አሁን ከሞሉ በስተ ምሥራቅ ሳውዝ ሉፕ በተባለው ቀጠና ከሚኒያፖሊስ የሚመጣውን የከተማ ባቡር መስመር ተከትሎ ከፍ ከፍ ያሉ መኖሪያ ቤቶችና ሆቴሎች እየተሠሩ ነው። መሀል ከተማ በውሳኔ ይሠራል ወይ ለሚለው እኔ ጥርጣሬ አለኝ፤ በእግር የሚሄድ ሰው ካልበዛ የእግረኛ መንገዱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ምሥራቅና ምዕራብ እየተባለ ሲለይ እሰማለሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

35W የተባለው ሀይዌይ ከተማዋን ከላይ እስከ ታች ይከፍላታል። ምሥራቁ ቀድሞ የተሠራው፣ ቤቱ አነስ ያለ፣ ኪራይ ቤት የሚበዛበት፣ ለአውሮፕላን ድምፅ የቀረበ ክፍል ነው። ምዕራቡ ኮረብታና ሐይቅ ያለው፣ ቤቱ ሰፋ ያለና ቆየት ብሎ የተሠራ ነው፤ ሃይላንድ የተባለው ሰፊ ጥብቅ መናፈሻም እዚያ ነው። ሁለቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ኬኔዲ በምሥራቅ፣ ጄፈርሰን በምዕራብ፣ በስፖርት ሲገናኙ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል።

ሦስተኛም ነበረ። ሊንከን የተባለው ትምህርት ቤት በ1982 ተዘጋ። ምክንያቱን ማንም ሊገምት ይችላል፦ በ1950ዎቹ በአንድ ላይ የገቡት ወጣት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በአንድ ላይ አሳድገው በአንድ ላይ ጨረሱ። ቤቱ አልተለቀቀም፤ ልጁ ብቻ ወጣ። የነዋሪው ቁጥር ከ1970 እስከ 2010 ባሉት አርባ ዓመታት ከ82 ሺሕ እስከ 86 ሺሕ ባለው መካከል ሲዋዥቅ ኖረ። ባንድ ዘመን የተሠራ ከተማ ባንድ ዘመን ያረጃል፤ ጣሪያውም፣ ቧንቧውም፣ ነዋሪውም። ቀጥሎ እንደምገልጸው አዲስ ሕይወት የዘሩበት አዳዲስ መጤዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐበሻ አለ? ለስደተኛ ሰው እንዴት ናት?

አለ። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ በአሜሪካ ከሚታወቁት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ ይኖራል፤ የኦሮሞ ተወላጆች በተለይ ብዙ ናቸው፤ ሶማሌዎች ደግሞ በቁጥር ከእነርሱ ይበልጣሉ። ወደ ብሉሚንግተን የሚስባቸው በመጀመሪያ ሥራው ነው፦ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሆቴሎቹ፣ ሞሉ፣ ታክሲው። የሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው በምሥራቅ በኩል አፓርታማ መከራየት ይመቻል፤ ከዓመታት በኋላ አቅም ሲፈጠር ከእነዚያ ራምብለሮች አንዱን መግዛት የተለመደ መንገድ ሆኗል። ቤተ ክርስቲያንና የሐበሻ ሱቅ ለማግኘት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለቱ ትልልቅ ከተሞች መንዳት ያስፈልጋል።

ስለ አቀባበሉ፣ ሁለቱንም ጎን መናገር ይገባል። ቀድሞ ትምህርት ቤት በነበረ ሕንፃ ውስጥ የሚገኘው ዳር አል ፋሩቅ መስጊድ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ንጋት ላይ ለጸሎት ሰዎች በተሰበሰቡበት ጊዜ ቦምብ ተወረወረበት፤ ሰው አልተጎዳም። ድርጊቱን የፈጸሙት ከኢሊኖይ ግዛት የመጡ ሰዎች ሲሆኑ ተፈርዶባቸዋል። ከጥቃቱ በኋላ የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ክርስቲያኑም አይሁዱም፣ በብዛት መጥተው ከመስጊዱ ሰዎች ጋር ቆመዋል። ከዚያ በፊት በሰፈሩ ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ትራፊክ የከረረ ቅሬታ ሲቀርብ እንደነበረም መካድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ያለ መኪና መኖር ይቻላል?

ከባቡሩ መስመር አጠገብ ከሆናችሁ ይቻላል። ከ2004 ጀምሮ ባቡሩ ከሚኒያፖሊስ መሀል ተነሥቶ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ሞሉ ድረስ ይመጣል፤ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በ35W ላይ ፈጣን አውቶቡስ አለ። በምዕራቡ በኩል ግን አልመክርም፤ በጥር ወር አውቶቡስ መጠበቅ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዓለም አቀፍ ኤክስፖ ልታዘጋጅ ነበር የተባለው ምን ደረሰ?

የ2027ቱን ኤክስፖ ለማዘጋጀት አሜሪካን ወክላ ተወዳድራ ነበር፤ በሰኔ 2023 በተሰጠው ድምፅ ቤልግሬድ አሸነፈች። ዘጠና ሺሕ ሰው የሚኖርባት ከተማ ከአንድ አገር ዋና ከተማ ጋር መወዳደሯ ድፍረት ቢመስልም ታሪኳን ለሚያውቅ አያስገርምም። እንግዳ መቀበል ከ1956 ጀምሮ የገቢ ምንጯ ነው፤ የሆቴሎቿ ብዛት ከአርባ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ብሉሚንግተን ቤት ልገዛ ነው። ምን ላጣራ?

መጀመሪያ ቤቱ በአውሮፕላን ድምፅ ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን ከአውሮፕላን ማረፊያው ባለሥልጣን ካርታ ይመልከቱ፤ በክልሉ ውስጥ ያሉ ብዙ ቤቶች መስኮታቸውና በራቸው በባለሥልጣኑ ወጪ ድምፅ እንዲከላከል ተደርጎ ተቀይሯል፤ የእርስዎ አንዱ መሆኑን ይጠይቁ። ለማየት ሲሄዱ እሑድ ጠዋት ብቻ አይሂዱ፤ በሥራ ቀን አመሻሽ ላይም ግቢው ውስጥ ትንሽ ይቁሙ። ከተማዋ ቤት ሲሸጥ እንዲደረግ የምትጠይቀውን ምርመራ ሻጩ ማድረጉን ሰነዱን አይተው ያረጋግጡ፤ ነገር ግን እርሱ የራስዎን መርማሪ አይተካም። በ1950ዎቹ በተሠራ ቤት ከቤቱ እስከ መንገዱ ያለው የፍሳሽ ቧንቧ በዛፍ ሥር ሊሰነጠቅ ስለሚችል በካሜራ ያስመርምሩት፤ እስከ መንገዱ ያለው ጥገና የባለቤቱ ወጪ ነው። ከመሬት ወደ ቤት የሚገባው፣ ለጤና አደገኛ የሆነው ሬደን የተባለው ጋዝ በሚኒሶታ ከአምስት ቤት በሁለቱ ከሚገባው በላይ ይገኛል፤ ቤዝመንት ውስጥ ልጆች የሚተኙ ከሆነ ሳያስለኩ አይፈርሙ። በቤዝመንቱ ውስጥ የተሠሩት ክፍሎችና የኤሌክትሪክ መስመሮች ፈቃድ የወጣባቸው መሆኑን ከከተማው የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል መጠየቅ ይቻላል፤ መኝታ የተባለው ክፍል ሰው የሚወጣበት መስኮት ከሌለው በሕጉ መኝታ ቤት አይባልምና ዋጋውን በዚያ ልክ ይደራደሩ።